ራይ የሌለበት የራይ ውስኪ

በርሜል ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ የካናዳ ራይ ውስኪ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ራይ ስንዴ መሰል እህል ነው። እኔን የነገረኝ አልነበረም፤ ንዴቱም እስካሁን አልወጣልኝም።

ግዢው ቀላል ነበር። ካልጋሪ ካለ አንድ መጠጥ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ የራይ ቅመሙ ከሩቅ ይሸታል ብሎ ማለልኝ። ጠርሙሱም ላይ ራይ ተብሎ በጉልህ ተጽፏል። ከፍዬ ወጣሁ።

አቀማመሱም አያስቸግርም። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ትንሽ ትቀዳላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ታቆዩታላችሁ፣ ከንፈራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ታሸታላችሁ። አልኮሉ አፍንጫ እንዳይወጋ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከራይ የምጠብቀው ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል ነው። ያገኘሁት ቫኒላ፣ ካራሜልና ደረቅ ጣውላ። ቅመሙ የት ገባ? አፍንጫዬን ጠረጠርኩ። ብርጭቆውን አጠብኩ። ምሳ ላይ የበላሁትን ዶሮ ወጥ ረገምኩ። በማግስቱ ምንም ሳልቀምስ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ለካ ነገሩ ከሕጉ ነው። የካናዳ ደንብ ውስኪው ከእህል ይሠራ፣ እዚያው አገር ከ700 ሊትር ባልበለጠ የእንጨት ዕቃ ቢያንስ 3 ዓመት ይቆይ፣ አልኮሉም ከ40 በመቶ አይነስ ይላል። ራይ ተብሎ ለመሸጥ ግን ይህን ያህል ራይ ይኑርበት አይልም። አብዛኛው በቆሎ የሆነ ውስኪም በዚሁ ስም ይሸጣል። ድንበሩን ተሻግራችሁ አሜሪካ ብትሄዱ 51 በመቶ ራይ ግድ ነው። ካናዳ ካራሜል መጨመርንም ስለምትፈቅድ የመጠጡ ጥቁረት ስለ ዕድሜው አያረጋግጥም።

ድሮ ለጣዕም ትንሽ ራይ ይጨመር ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ ይላሉ። ይሁን፤ ዛሬ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ። ሻጩ ጋ ተመልሼ ብሄድ “ሕጋዊ ነው” አለኝ። እኔንም ያናደደኝ ሕጋዊ መሆኑ ነው!

ስለ ዕድሜውም ልናገር። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ውስጡ ከተቀላቀሉት የትንሹ ዕድሜ ነው። ይህ ቢያንስ ሐቅ ነው። ግን የቆየ ሁሉ አይጣፍጥም። ዓመቱ ሲበዛ እንጨቱ እህሉን ይውጠዋል፤ መጨረሻው ላይ ጌሾ እንደበዛበት ጠላ ምላስ ይይዛል። አዋቂዎቹ ጠብታ ውኃ ጨምሩበት ይላሉ። እኔ 40 በመቶ አካባቢ ለሆነ አሮጌ ውስኪ አልመክርም። የእኔን አቀጠነውና ምሬቱ ብቻ ቀረ።

ይልቅ መጀመሪያ ርካሹን ግዙ። እዚሁ ካልጋሪ የሚሠራው አልበርታ ፕሪሚየም ከራይ ብቻ የሚወጣ ነው። በካናዳዋ ዊንዘር ከተማ የሚሠራው ሎት 40 የተባለው ውስኪም እንደዚያው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ቅመሙ አይደበቅም። ከሁለቱ በአንዱ አፋችሁን አስለምዱና አሮጌውን ከጎኑ ቀድታችሁ አስተያዩ። ጠርሙሱ ላይ 100 በመቶ ራይ የሚል ካላያችሁ፣ ሻጩ ቢምልም አትመኑት። ጠርሙሱን አቁማችሁ አስቀምጡ፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።

የእኔን እንግዶች ወደውታል፤ ለስላሳ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጂንጀር ኤል የሚባለውን የዝንጅብል ለስላሳ እየጨመርኩበት ነው የምጠጣው። በዚያ ዋጋ!