የኒሽ ሠራተኞች

ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ቢለኝ ግማሽ ቀኔን የድሮ የኳስ ውጤቶች ሳገላብጥ አሳለፍኩ። አካሌ ሳሎን ነው፤ ልቤ ግን ደቡብ ሰርቢያ፣ ኒሽ ከተማ ነበር። የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ በመስቀል በዓል ስሙን የምናነሣው ቆስጠንጢኖስ የተወለደባት ከተማ ናት።

ክለቧ ራድኒችኪ ይባላል፤ «የሠራተኞች» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ተመሠረተ። ሰርቢያ ያኔ አካሏ የነበረችበትን የዩጎዝላቪያን ሊግ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1981/82 የአውሮፓ ክለቦች የዩኤፋ ዋንጫ ግን ከናፖሊ ጋር በድምር እኩል ወጥቶ ከሜዳው ውጪ ባገባው ጎል ጣለው፤ የሆላንዱን ፌይኖርድንም አሰናበተ። ዳንዲ ዩናይትድ ስኮትላንድ ላይ 2 ለ 0 ሲረታው አለቀለት ብዬ ነበር። በመልሱ 3 ለ 0! ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ ያውም ከ40 ዓመት በላይ ዘግይቼ።

በግማሽ ፍጻሜው ሃምቡርግን ኒሽ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ ጀርመን ሄዶ 5 ለ 1 ተሸነፈ። ይህቺ ቁጥር ምሳዬን አስጠላችኝ። የከተማው ልጅ፣ ኳስ ተጫዋቹ ድራጋን ስቶይኮቪችም እዚያው አድጎ በ1986 ወደ ቤልግሬዱ ቀይ ኮከብ ሄደ፤ የዋና ከተማ ክለቦች ያው ናቸው።

ጭብጨባዬን የሰማችው ልጄ «ማን አገባ?» ብላ ከማእድ ቤት መጣች። «ኒሽ» አልኳት። የቀዘቀዘውን ቡናዬን አንሥታ ተመለሰች።