ተፈልጎ የታጣ ቁልፍ

በጃቫ በሠራነው ድረ ገጽ ላይ የትዕዛዝ ሁኔታን የሚያሳየው ክፍል የመልእክት ቁልፉን፣ ማለትም ለደንበኛው የሚታየው ጽሑፍ የሚፈለግበትን መለያ፣ በሙሉ ስሙ አይጠራም ነበር። «ኦርደር.ስታተስ.» የሚለውን መነሻ ይይዝና በኢነሙ፣ ማለትም የትዕዛዝ ሁኔታዎች በተዘረዘሩበት የኮድ ክፍል፣ ያለውን የሁኔታውን ስም በትንንሽ ፊደል ቀጥሎበት፣ ገጹ በሚከፈትበት ቅጽበት ቁልፉን ይገጣጥመዋል። ስለዚህ «ኦርደር.ስታተስ.ፔንዲንግ» የሚለው ቁልፍ የየቋንቋው ጽሑፍ በሚቀመጥባቸው ፕሮፐርቲስ ፋይሎች ውስጥ እንጂ በኮዱ ውስጥ የትም ተጽፎ አይገኝም።

የቡድን መሪያችን የተዝረከረከ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ኮዱን አስሶ ጥቅም ላይ ያልዋሉ ቁልፎችን የሚለቅም ስክሪፕት ጻፉና የለቀመውን ሁሉ ከየቋንቋው ፋይል ሰርዘው ለውጡን እንድገመግመው ላኩልኝ። እኔም ከተሰረዙት መካከል ኮዱ ራሱ እየገጣጠመ የሚጠራቸው እንዳሉ ጻፍኩላቸው።

«ፈልጌ አጣሁት እኮ፤ ካለ አሳየኝ» አሉኝ።

መነሻው የተጻፈበትን መስመር አሳየኋቸው። ጥቂት አዩትና «ይህ መነሻ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም» ብለው ለውጡን አጸደቁት። እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ ይህ መልስ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት ስሕተት የለበትም። መነሻ በእርግጥ ቁልፍ አይደለም። እንዲህ ላለ ፍጹም ትክክለኛ አነጋገር ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ስለ መልእክት ቁልፍ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ሁሉም በሰላም አለፈና ደንበኞች የሚጠቀሙበት ፕሮዳክሽን ላይ ወጣ። በገጹ ላይ ጽሑፉን የሚያወጣው የጃቫ መሣሪያ ጄኤስቲኤል ያጣውን ቁልፍ ግራና ቀኙን በሦስት በሦስት የጥያቄ ምልክት አጥሮ ስለሚያሳይ፣ ደንበኞች የትዕዛዛቸውን ሁኔታ ሲከፍቱ ያዩት «???ኦርደር.ስታተስ.ፔንዲንግ???» የሚል ጽሑፍ ነበር። ይህስ ቢያንስ ይታያል። ኢሜይል የሚልከው ክፍል ግን ቁልፉን በቀጥታ የየቋንቋውን ፋይሎች ከሚያነበው የጃቫ ክላስ፣ ከሪሶርስ በንድል፣ ስለሚጠይቅ ሚሲንግ ሪሶርስ ኤክሴፕሽን (የተፈለገው የለም የሚል ስሕተት) ወርውሮ ቆመ፤ ለደንበኞች መሄድ የነበረበት ማሳወቂያም ሳይሄድ ቀረ።

ቁልፎቹ ከተመለሱ በኋላ መሪያችን የጎደለ ቁልፍ መኖሩን የሚፈትሽ ቴስት ጻፉ። ቴስቱ እያንዳንዱን የኢነም እሴት ከእያንዳንዱ ቋንቋ ጋር እያጣመረ «ኮንቴይንስኪ» በተባለው ሜተድ ቁልፉ መኖሩን ይጠይቃል። ምንም አልጎደለም ብሎ አረንጓዴ ሆነላቸው። ይሁንና ይህ ሜተድ የቋንቋውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ወላጁን፣ ማለትም ቋንቋ ያልተጠቀሰበትንና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መሠረታዊ ፋይልም አብሮ ስለሚጠይቅ፣ ከፈረንሳይኛው የጎደለው ቁልፍ በመሠረታዊው ውስጥ ካለ «አለ» ብሎ ይመልሳል። በራሴ ብራንች (የኮዱ የግል ቅጂ) የፈረንሳይኛውን ፋይል ባዶ አድርጌ ቴስቱን በፊታቸው አስኬድኩት፤ አሁንም አረንጓዴ።

«ታዲያ ደንበኛው እንግሊዝኛውን ያየዋል አይደል?» አሉ። ፈረንሳይኛ ለመረጠ ሰው ማለታቸው ነው።

በመጨረሻ ቴስቱ በበንድሉ በኩል መጠየቁን ትቶ እያንዳንዱን ፋይል በፕሮፐርቲስ ክላስ ለብቻው እየጫነ እንዲያነብ ተደረገ። በቡድኑ ሰነድ ላይ ይህ ማሻሻያ የተመዘገበው በማን ስም እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ቁልፎችን እየገጣጠሙ መጥራት እንዲቀር ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሁኔታ የተለየ መስመር መጻፍ ሁሉንም ስላታከተ ማንም አልገፋበትም፤ እኔም ጭምር። በምትኩ መነሻው ካለበት መስመር በላይ ሊገጣጠሙ የሚችሉትን ቁልፎች በሙሉ በኮሜንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በማያስፈጽመው ማስታወሻ፣ ዘረዘርኳቸው፤ ስክሪፕቱም እዚያ ስለሚያገኛቸው ከዚያ ወዲህ አይነካቸውም። እንዲያውም ከኢነሙ ከወጣ የቆየ አንድ ሁኔታ ቁልፉ በየቋንቋው ፋይል ውስጥ እንዳለ አለ፤ መሪያችንም ፈልገው ስለሚያገኙት ጥቅም ላይ እንደዋለ ይቆጥሩታል።