የቮልሴ ታኮ

ሁለት ዓመት ሙሉ በቮልሴ ውስጥ፣ ከፊት ወንበር ስር፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ይዤ ዞሬአለሁ። አንደኛው ጎኑ ሾል ያለ፣ ለጎማ ስር የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ነው። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገት ላይ ስለሆነ መኪናውን ባቆምኩ ቁጥር አንደኛ ማርሽ አስገባለሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ክርኔ የኋላውን ወንበር ሊነካ እስኪደርስ እስበዋለሁ፤ ከዚያም ወርጄ ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ስር እወትፋለሁ። አብሮኝ ሰው ካለ ታኮ ማድረግ የእሱ ሥራ ነው። የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ እኔ እኮ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ" እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ማታ ዝናብ እየደበደበኝ ገባሁና ድንጋዩን ረሳሁት። ማርሽ ገብቶ ሲቆም መኪናውን የሚይዘው የሞተሩ እመቃ እንደ ዕድሜው ደክሟል፤ መኪናው 1971 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ 1300 የሚባለው ሞዴል ነው። ማርሹ ብቻውን እስከ ንጋት ሊይዘው አልቻለም። ጠዋት ስወጣ የጎረቤቴን የእማማን ቆርቆሮ አጥር ተደግፎ አገኘሁት። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቡ ቆመዋል። "ባለቤቱ ከጠፋ ሰነበተ፤ መኪናው ግን ሊጠይቀኝ መጣ" አሉኝ። አንድ ቆርቆሮ ከመጎድጎዱ በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ያን ቀን ከሥራ እንደገባሁ ክሪኩን አወጣሁ።

ከዚያ በፊት የእጅ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ መካኒክ አይቶታል። ሦስቱንም ጊዜ የተሠራው አንድ ነገር ነው፦ ገመዱን ማጥበቅ። በቮልስ ይህ ቀላል ነው፤ ከመያዣው ሥር ያለውን የጎማ ሽፋን ገለጥ አድርጎ ሁለቱን ዳዶ ማዞር ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለሁለት ሳምንትም ይሠራል። እኔ ራሴ ሽፋኑን ስገልጠው ዳዶዎቹ የብሎኑን ጥርስ ጨርሰው ጫፍ ላይ ደርሰዋል። ከዚህ በኋላ የሚጠብቅ ነገር የለም።

የእግር ፍሬኑ ደህና ነበር፤ ያዘናጋኝም እሱ ነው። የእግሩ በዘይት ግፊት አራቱንም ጎማ ይይዛል። የእጁ ግን ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ሁለት ገመዶች ከመያዣው ተነሥተው በመኪናው ወለል መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ አልፈው ለየብቻ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ይሄዳሉ፣ እዚያም ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ከበሮ) ውስጥ ያሉትን፣ ከበሮውን እየተጫኑ የሚያቆሙትን ሸራዎች ይገፋሉ። ሸራዎቹ ለእጁም ለእግሩም አንድ ናቸው። የኋላዎቹ ቢደክሙ ስንነዳ የፊቶቹ ይሸፍኑላቸዋል። ዳገት ላይ ማደር ሲመጣ ግን የፊቶቹ የሉም።

የፊት ጎማዎቹን በድንጋዩና በአንድ ወንድሙ አስደግፌ፣ የኋላውን በየተራ አንሥቼ በእጄ አዞርኩ። የግራው፣ የእጅ ፍሬኑ ስድስተኛ ጥርስ (ሲሳብ "ቀጭ" የሚለው) ላይ ሲደርስ እየከበደ መጣ። የቀኙ ግን መያዣው እስከ መጨረሻው ተስቦም እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል።

ታምቡሩን ማውለቅ ሌላ ታሪክ ነው። የሚይዘው 36 ሚሊሜትር ዳዶ ነው፣ እጅግ በኃይል የጠበቀ። መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ነው የሚላላው፤ ጎማው እንዳይዞር የሚይዘው ደግሞ የእጅ ፍሬን ነው! የእህቴ ልጅ ገብቶ የእግር ፍሬኑን ረገጠልኝ፣ እኔ በቁልፉ እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩ። ሲላላ የጮኸው ጩኸት እማማን ከቤት አስወጣቸው።

ታምቡሩ ሲወጣ ምክንያቱ ፊት ለፊት ነበር። ሸራዎቹ ጠቁረው ያብለጨልጫሉ፤ ከታች በኩል ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ጭቃ ሆኗል። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ዘይት ሊሆን ይችላል። ቀጭን ሆኖ የመኪናውን ቀለም የሚልጥ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ በሽታው ፍሬኑን ከሚገፋው ፓምፕ ነው። የእኔው ወፍራም ነው፣ በጣቶቼ መሃል ስለየው ክር ይሠራል፣ የድኝ ሽታ አለው። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ነው። ጎማው ጋ ዘይቱን የሚያግደው ኦይል ሲል አርጅቶ አሳልፎታል።

ግን ለምን በቀኝ ብቻ? ያስታወስኩት ማታ ነው። የካምቢዮው ዘይት ሲቀየር አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ መኪናው በግራ በኩል በክሪክ እንደተነሣ ነው ዘይቱ የተሞላው። የመሙያው ቀዳዳ ያለው በግራ ስለሆነ፣ ግራው ከፍ ሲል ዘይቱ ቀዳዳው ጋ እስኪደርስ ከልኩ በላይ ይገባል። ትርፉም ዝቅ ወዳለው ወደ ቀኝ አክስል (የጎማው ዘንግ) ይሄዳል። ማረጋገጫ የለኝም፤ ነገር ግን መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሜ ቀዳዳውን ስከፍት ግማሽ ጣሳ የሚያህል ዘይት በራሱ ጊዜ ፈሰሰ።

የእህቴ ልጅ ሸራውን ቤንዚን አርከፍክፈን እናቃጥለው አለ። ሲደረግ አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ። ዘይት የጠጣ ሸራ ላዩ ይደርቃል እንጂ ሲሞቅ መልሶ ያልበዋል። አቧራውንም በአፍ ወይም በአየር መንፋት አልፈቀድኩም፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ይኖርበታል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። በማግስቱ ሶማሌ ተራ ሄጄ ኦይል ሲል ለሁለቱም ጎን፣ አራት ሸራ፣ እንዲሁም አንድ ገመድ ገዛሁ። የግራው ገመድ ጭቃና ዝገት ስለያዘው ሲለቀቅ እየተንቀራፈፈ ነበር የሚመለሰው። ደህና ለሚመስለው ጎን ሸራ መግዛት ቢያናድድም፣ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። መጀመሪያ ገመዱን ሙሉ በሙሉ አላላሁት። ከዚያ በየጎማው ከኋላ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቼ፣ ሸራውን የሚያቀርቡትን ትንንሽ ባለ ጥርስ መዘውሮች ጎማው እስኪያዝ አዞርኩ፤ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ አስረግጬ፣ እንደገና አጥብቄ፣ በነጻ እስኪዞር ሦስት አራት ጥርስ መለስኩ። ገመዱ የተነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ሁለተኛው ጥርስ ላይ ሁለቱም ጎማ እኩል ከበድ እንዲሉ፣ አራተኛው ላይ በእጅ እንዳይዞሩ። ሦስቱ መካኒኮች ከመጨረሻው ጀምረው እዚያው ይጨርሱ ነበር። ሸራው ከታምቡሩ በራቀ ቁጥር በገመድ ጎትቶ ማምጣት፣ ገመዱን ጨርሶ ሸራውን ሳያዩት መቅረት ነው።

አመሻሹ ላይ ዳገቱ መሃል አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማርሹን ነጻ አደረግሁ። የእህቴ ልጅ ድንጋዩን ታቅፎ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። አራተኛው ጥርስ፣ "ቀጭ" አለ። እግሬን አነሣሁ። መኪናው አንድ ጊዜ ተወዛውዞ ቆመ።

ድንጋዩን እማማ ወሰዱት። ነፋስ የሚያጋጨውን የቆርቆሮ በራቸውን ያዙበት።