በማስነጠስ የሚጠራው ጂኒ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያገለገሉ የቪዲዮ ጌሞችን እየገዛ በሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። የሱቁ ባለቤት የአገራችን ሰው ነበሩ፤ ስለ ጌም የሚያውቁት ከመግዣና ከመሸጫ ዋጋው እምብዛም ስለማያልፍ፣ ደንበኛ ስለ ጨዋታው ይዘት ሲጠይቅ የመመለሱ ሥራ የእኔና የአንድ ባልደረባዬ ነበር። ባልደረባዬ የጃፓን ካርቱን እያየ ያደገ፣ ጠይቀኸው የማያፍር ልጅ ነው። እኔ ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር መዋሌን እንደ ማወቅ ቆጥሬው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ዊ ለተባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ መሣሪያ የተሠራው «ታትሱኖኮ ቨርሰስ ካፕኮም» የተባለ ጨዋታ እንዳለንና እንደሌለን ጠየቀኝ። መደርደሪያው ላይ አንድ ቅጂ መኖሩን አስታወስኩና አለ አልኩት።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ታትሱኖኮ በ1962 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የጃፓን የካርቱን ፊልም ድርጅት ሲሆን፣ ጋቻማን፣ ካሻንና ያተርማን የተባሉት ጀግኖች የእርሱ ሥራዎች ናቸው። ካፕኮም ደግሞ ሪዩንና ቹን ሊን የፈጠረው የጌም ኩባንያ ነው። ጨዋታው የሁለቱን ቤት ጀግኖች ቀላቅሎ ሁለት ለሁለት ያጋጥማል፤ ተጫዋቹ ሁለት ተዋጊ ይመርጥና አንዱ ሲዝል ሌላውን ያስገባል። ከሜዳ የወጣው ተዋጊ ዕረፍት ላይ ሳለ፣ ከተጎዳው ጉልበቱ በቀይ የሚታየው ክፍል ቀስ በቀስ ይመለስለታል። «ባሮክ» የሚባለው ሥልት ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ያንኑ ሊመለስ የሚችለውን ቀይ ጉልበት ሆን ብሎ ሠውቶ ምቱን የሚያረዝምና የሚያከብድ በመሆኑ፣ መቼ ማረፍ፣ መቼ ደግሞ ጉልበትን መክፈል እንደሚገባ የሚያውቅ ተጫዋች ብቻ ይጠቀምበታል። ጎልድ ላይታን እና ፒቲኤክስ 40ኤ የተባሉት ሁለት ግዙፍ ሮቦቶች ብቻ ያለ አጋር ይዋጋሉ።

ደዋዩ ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ሃኩሾን ዳይማኦ ጨዋታው ውስጥ አለ ወይ? ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ይሁን እንጂ ጨዋታው መጀመሪያ በ2008 እ.ኤ.አ. ለጃፓን ገበያ እንደወጣ፣ እኛ ዘንድ ያለው ግን በ2010 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የተዘጋጀውና አምስት ተዋጊዎች የተጨመሩበት እትም መሆኑን ከባልደረባዬ ሰምቼ ነበርና፣ የድሮው እትም ያለው ሁሉ በአዲሱ ውስጥ አለ፣ እንዲያውም አምስት ይበልጣል ብዬ መለስኩለት። ሰውየው አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። የሚደውለው ከሪችመንድ መሆኑንና ሁለት ሰዓት ነድቶ እንደሚመጣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከምሳ በፊት ደረሰ። የሱቁ ደንብ ያገለገለ ዲስክ ሁሉ ከመሸጡ በፊት በደንበኛው ፊት እንዲሞከር ስለሚያዝ፣ ለሙከራ ባስቀመጥነው ዊ ላይ ጨዋታውን ከፈትኩ። ሣጥኑን ሳገላብጥ የቦነነው አቧራ ሰውየውን አስነጠሰውና ሳላስበው በአማርኛ «ይማርህ» አልኩት። ትርጉሙን ጠየቀኝ። ፈጣሪ ይማርህ ማለት እንደሆነ ስነግረው ሣቀና የዳይማኦን ነገር ያጫወተኝ ያን ጊዜ ነው። ዳይማኦ በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመረ የካርቱን ጂኒ ነው፤ ከማሰሮው የሚወጣው ሰው ሲያስነጥስ ነው፤ «ሃኩሾን» የሚለውም በጃፓንኛ የማስነጠስ ድምፅ ነው፤ ሴት ልጁ ደግሞ ሰው ሲያዛጋ ትወጣለች። የሰውየው እናት ጃፓን ተወልደው ያደጉ ናቸውና በልጅነታቸው ያዩት ስለነበረ፣ ጂኒው ሲዋጋ ሊያሳያቸው ፈልጎ ነው የመጣው።

የተዋጊዎቹ ምስል ተደርድሮ ሲቀርብ ጂኒው የለም። እዚህ ላይ «ይቅርታ፣ አረጋግጬ አልነበረም» ብል ኖሮ ጉዳዩ በሁለት ሰዓት ኪሣራ ያበቃ ነበር። እኔ ግን የተጨመሩት ተዋጊዎች መጀመሪያ ተደብቀው እንደሚቆዩና ጨዋታው ተደጋግሞ ሲጠናቀቅ እንደሚከፈቱ የሰማሁት ትዝ አለኝና፣ ተደብቆ ይሆናል አልኩት። ስለ አምስቱ የሰማሁት እውነት ነበር፤ ስለ ጂኒው ግን ከራሴ የጨመርኩት ነው።

ስለዚህ መጫወት ጀመርን። ሰውየው ጎበዝ ነበር፤ ሪዩንና ቹን ሊንን፣ ቀጥሎም ሌሎች የካፕኮም ጀግኖችን እያጣመረና እየቀያየረ፣ ባሮኩን ሲጠቀም ተዋጊው በቀስተ ደመና ቀለም እያበራ፣ ባላጋራውን መሬት ሳያስነካ አየር ላይ እያቆየ፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘውንና ያሚ የተባለውን የጨለማ ፍጡር ሦስት ጊዜ መልኩን እስኪለውጥ ታግሎ ይጥለዋል። ሲደክመው መቆጣጠሪያውን ይሰጠኝና እኔ እሸነፋለሁ፤ መልሶ ይቀበለኛል። በመካከሉ የሚመጡትን ደንበኞች እየተነሣሁ አስተናግጄ እመለሳለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ካለፈ በኋላ አዲስ ተዋጊ መከፈቱን የሚያበሥር ጽሑፍ ሲመጣ ሁለታችንም ከወንበራችን ተነሣን። የተከፈተው ፍራንክ ዌስት፣ «ዴድ ራይዚንግ» የተባለው የካፕኮም የዞምቢዎች ጨዋታ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰውየው ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎም እኔን አየ።

ባልደረባዬ ለከሰዓት ሽፍቱ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ምን እንደምንፈልግ ሲሰማ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ፣ ዳይማኦ ከአሜሪካው እትም በባለመብትነት ጉዳይ ምክንያት ወጥቷል አለ። የጃፓኑ እትም 22 ተዋጊዎች ነበሩት፤ አንዱ ተቀንሶ አምስት ሲጨመሩ 26 ሆኑ። የታትሱኖኮ ሥራዎች ከጃፓን ውጭ ያላቸው መብት በተለያዩ እጆች ተበታትኖ ስለነበር፣ ጨዋታው ከጃፓን ውጭ መውጣቱ ራሱ መጀመሪያ አጠራጣሪ እንደነበርም ነገረን። እኔ 22 እና 5 ስደምር 27 ይመጣል ብዬ እርግጠኛ የሆንኩት፣ ሊቀነስ ይችላል የሚል ሐሳብ ጨርሶ ስላልመጣልኝ ነው።

በመስታወቱ መደርደሪያ ውስጥ ጃፓን ሲያገለግል ከቆየ ወታደር የገዛነው የ2008ቱ እትም ነበረ። ደስ ብሎኝ አወጣሁት፤ ነገር ግን አፌ ሊናገር ሲል ቆም አልኩና፣ መጀመሪያ እንሞክረው አልኩ። ዊው ዲስኩን ውጦ ለጥቂት ጊዜ ካሽከረከረ በኋላ ማንበብ አልቻልኩም አለ። የጃፓን ዲስክ የሚሠራው በጃፓን ዊ ላይ ብቻ ነው። ጂኒው እጃችን ውስጥ ነበር፤ ማሰሮው ግን አልከፈት አለ።

ባለቤቱን ጠራኋቸውና የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የአሜሪካውን እትም ለሰውየው ያለ ክፍያ ሰጡት፤ የነዳጁንም ሊከፍሉት ሲሉ እሱ እንቢ አለ። ዲስኩን ይዞ ሄደ። የጨዋታ ውጤት የሚቀመጠው በዲስኩ ሳይሆን በዊው ማኅደር ውስጥ ስለሆነ፣ ያን ያህል ለፍቶ ያስፈታው ፍራንክ ዌስት ግን ሱቃችን ውስጥ ቀረ።

ከሄደ በኋላ ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ሰውየው ሲደውል ዲስኩ የት ነበር?»

«መደርደሪያው ላይ፣ ጋሼ።»

«ከስልኩ ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«አራት።»

ሌላ ምንም አላሉም፤ ወደ ሒሳባቸው ተመለሱ። በበኩሌ፣ በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ ልክ ነበሩ ብዬ አላምንም፤ አራቱን እርምጃ ሄጄ ዲስኩን ብከፍተው እንኳ የተደበቁት ተዋጊዎች ስላሉ የባሰ ባሳሳተኝ ነበር። የሚያስፈልገኝ አራት እርምጃ ሳይሆን «ባልደረባዬን ጠይቄ ልደውልልህ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህን ግን ለእርሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ያን ቀን ለክርክር የሚሆን ፊት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ አጠገብ ደብተር አስቀመጥኩ፤ ያላወቅሁትን ጥያቄ ከነደዋዩ ቁጥር እጽፍበትና ማታ ከባልደረባዬ ጋር አንድ በአንድ እናየዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አሥራ አንድ ጥያቄ ተጻፈ፤ ከዚያ በፊት እነዚያን የመሰሉትን ሁሉ ስመልስ የኖርኩት ከምን ተነሥቼ እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል። የጃፓኑን ዲስክ ወደ መስታወቱ ስመልሰው ደግሞ በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፌ ለጠፍኩበት፤ «በጃፓን ዊ ላይ ብቻ ይሠራል። 22 ተዋጊዎች። ጂኒው አለ።»