የኖቡታዳን ጽሕፈት ለማየት ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ጃፓን የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ የብሩሽ ጽሕፈት ፍቅር ግን እዚሁ ያዘኝ። በተለይ የኮኖኤ ኖቡታዳ። ሰውየው ከ1565 እስከ 1614 የኖረ መኳንንት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ለንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከሚመረጥባቸው አምስት ቤቶች አንዱ ነበር፤ እሱም በ1605 እንደራሴ ሆነ። በ1594 ግን ከዘመኑ ጉልበተኛ ገዥ ከሂዴዮሺ ጋር ተቀያይሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳትሱማ ተግዞ ነበር። ፊደሉ ትልልቅና ደፋር ነው። የቤተ መንግሥት ሰው እጅ አይመስልም።

እኔ የፈለግሁት የኪዮቶው ዜንሪንጂ ገዳም ንብረት የሆነ፣ ኖቡታዳ ግጥም የጻፈበት አንድ ታጣፊ መከለያ ነው። ግጥሙ ሺንኮኪን ዋካሹ ከሚባለው ጥንታዊ መድብል የተወሰደ ነው። መንገደኛው ሃትሱሴ የሚባለውን ተራራ ሲሻገር ይመሽበታል፣ ማደሪያ ይጠይቃል፣ በሚዋ የጥድ ጫካ የመከር ነፋስ ይነፍሳል። ኖቡታዳ «በሚዋ የጥድ ጫካ» የሚለውን ስንኝ አልጻፈውም። ዘሎታል። ጫካው መከለያው ላይ በቀለም ተስሎ ቆሟል፤ ሥዕሉም የሠዓሊው የሃሴጋዋ ቶሃኩ እንደሆነ ይነገራል። ቅኔ እየሰማ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በፎቶ አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ሂራጋና የሚባለውን የጃፓን ፊደል ተማሩ። እስከ 1900 ድረስ አንድ ድምፅ በተለያየ መልክ ይጻፍ ስለነበር ዛሬ የምትማሩት ብቻውን አያስነብባችሁም። የድሮውን የጃፓን እጅ ጽሕፈት የሚያነብ ሚዎ የሚባለውን ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ስንኞቹ ተበታትነው ሲጻፉ ከየት ወዴት እንደሚነበብ ግን አፑን አትመኑት።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ሙዚየም መከለያውን ተውሶ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ፖስተሩ ላይ ጫካው ከነጽሕፈቱ ገጭ ብሏል። ድረ ገጹም ላይ እንደዚያው። ቲኬቴን አስቀድሜ በኦንላይን ቆረጥኩ፣ ለፈጣኑ ባቡር የተማሪ ኪሴን አራገፍኩ፣ ደረስኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሌላ መከለያ ነው! ሥር ትንሽ ካርድ ተለጥፋለች፤ የፈለግሁት ሥራ የሚወጣው በሁለተኛው ዙር ነው ትላለች።

ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። በጣም ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝና «ዝርዝሩ ላይ ተገልጿል» አለችኝ። ዝርዝሩን ከፈትኩት። በጃፓንኛ ብቻ የተጻፈ ረጅም ፒዲኤፍ ነው፤ ከሥራው ስም ጎን ጉንዳን የምታክል ክብ አለች። በቃ፣ ማስታወቂያው ያቺ ክብ ናት። ገንዘቤ ይመለስ ብል ሌላ እጅ መንሳት። እንደዚያ ቀን ትሕትና አናዶኝ አያውቅም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እመልስ ነበር።

ሕጉን አልቃወምም። ወረቀትና ቀለም በብርሃን ይጎዳሉ። ለተመዘገቡ ቅርሶች መመሪያው በዓመት የሚታዩበትን ቀን ይገድባል፤ በቀላሉ ለሚደበዝዙት ደግሞ ገደቡ የበለጠ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ኤግዚቢሽኑ መሀል ላይ ሥራዎች ይቀያየራሉ። ግን ያልሰቀላችሁትን ሥራ ለምን ፖስተር ታደርጉታላችሁ?

ሙዚየሞቹ ቲኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ ይላሉ። እኔ አትቁረጡ እላለሁ። መጀመሪያ «ሹፒን ሞኩሮኩ» የሚባለውን ዝርዝር አውርዱ። «ዜንኪ» የመጀመሪያው ዙር ነው፣ «ኮኪ» ሁለተኛው። ካልገባችሁ ጃፓንኛ የሚችል ሰው ይደውልላችሁ፤ የሥራውን ስምና የምትሄዱበትን ቀን ጠርቶ ይጠይቅ። «አዎ፣ ኤግዚቢሽኑ ክፍት ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

በሁለተኛው ዙር ተበድሬ ተመለስኩ። አየሁት። መግለጫውን አስቀድማችሁ አታንብቡ፣ ሰውም ወደ መስታወቱ ሲጠጋ አትከተሉት። ወደ ኋላ ራቅ በሉ። ከቅርብ ፊደል ብቻ ነው የሚታየው፤ የተዘለለው ስንኝ ቦታውን የሚያገኘው ሥዕሉና ጽሕፈቱ አንድ ላይ ዓይን ውስጥ ሲገቡ ነው። ማስታወሻ የምትይዙ ከሆነ እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ አያስገቡም።

ገዳሙም፣ ሰው ኤይካንዶ የሚለው ማለት ነው፣ በመከር ቅርሶቹን ያሳያል። ያኔ ግን ቀይ ቅጠል ሊያይ የሚመጣው ሕዝብ አያስቆምም። ለመከለያው ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ እዚያም ቢሆን መውጣት አለመውጣቱን ደውላችሁ ጠይቁ።