«ሪዘርቬሽን ዶግስ»ን ደሴ ላይ ከአያቴና ከጎረቤት ጋር እንዴት እንዳየነው

ሙታን ከሕያዋን ጋር ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ድራማ የከተማ ወጣት ብቻ የሚረዳው ይመስላቸዋል ብዙዎች። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ባለው ቤታችን «ሪዘርቬሽን ዶግስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሳሳይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ቀድማ የገባችበት አያቴ ናት።

ታሪኩ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ገጠር ውስጥ የሚኖሩ የአራት የነባር ሕዝብ (አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በምድሩ የኖረው ሕዝብ) ልጆች ነው፦ ቤር፣ ኢሎራ፣ ዊሊ ጃክ እና ቺዝ። ጓደኛቸው ዳንኤል ከሞተ ዓመት ሆኖታል። እሱ ሲመኛት የኖረችውን ካሊፎርኒያን ለማየት ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ቺፕስ የጫነ መኪና ይሰርቃሉ። ስተርሊን ሃርጆ እና ታይካ ዋይቲቲ የፈጠሩት ይህ ድራማ ከእ.ኤ.አ. 2021 እስከ 2023 በ3 ምዕራፍ፣ በ28 ክፍል ታይቷል። ጸሐፊዎቹም ዳይሬክተሮቹም የነባር ሕዝብ ተወላጆች ናቸው፤ ይህ ደግሞ በእያንዳንዱ ቀልድ ውስጥ ያስታውቃል።

ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ እከፍታለሁ። ክፍሉን አስቀድሜ ለብቻዬ አየዋለሁ፤ ስድብ ስለሚበዛበት በትልልቅ ሰዎች ፊት የማልፈውን ማወቅ ነበረብኝ። ንግግሩን ቃል በቃል አልተረጉምም። «ይቺ የሟቹ እናት ናት፤ ያ ደግሞ አጎቱ ነው» ካልኩ ይበቃል። እኛ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ለማን ምኑ እንደሆነ ነው፤ ዝምድናው ከታወቀ የቀረውን ፊታቸው ይናገራል።

ዊሊያም ናይፍማን የሚባል መንፈስ አለ። ቤር ተደብድቦ ሲወድቅ በፈረስ ይመጣበታል። በእ.ኤ.አ. 1876 ነባር ሕዝቦች የአሜሪካን ጦር ባሸነፉበት የሊትል ቢግሆርን ጦርነት ነበርኩ ይላል፤ ግን አልተዋጋም፤ ፈረሱ ጉድጓድ ረግጦ ወድቆ ተጫነውና ሞተ። የአክስቴ ልጅ «ይሄ ሕልም ነው ወይስ እውን?» ብሎ ጠየቀኝ። አያቴ ቀደመችኝ፦ «መጣ፣ አነጋገረው፣ ሄደ። ምኑ ነው ያልገባህ?» አውልያ ሲዘየር፣ ስለ አድባርና ስለ ቆሌ ሲወራ ላደገ ሰው ይህ ግራ አያጋባም። ከዚያ ወዲህ ስለ መንፈሱ ምንም ማብራሪያ አልጨመርኩም። የጉጉት ዓይን ሆን ተብሎ ደብዝዞ ሲታይም ዝም አልኩ፤ «ደግ አደረጉ፣ ክፉ ነው» አሉ ጎረቤታችን። በብዙ የነባር ሕዝቦች ዘንድ ጉጉት የሞት ምልክት ነው፤ እኛም ዘንድ ጣራ ላይ ሲጮህ ደግ አይባልም።

ከሽማግሌ ጋር ለሚያይ ሰው የምመክረው ከሁለተኛው ምዕራፍ አራተኛውን ክፍል ነው። የኢሎራ አያት በሞት አፋፍ ላይ ናቸው። ቤቱ በዘመድ ይሞላል፤ አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ይቀልዳል፣ ሌላው መዝሙር ያነሳል። ወሎ ውስጥ ሰው ሲታመም ዱዓ የሚያደርገውም ጠበል ይዞ የሚመጣውም አንድ ጓዳ እንደሚገናኝ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በዚያ ምሽት አንድም ነገር አልተረጎምኩም። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ደግሞ ዊሊ ጃክ የዳንኤልን እናት እስር ቤት ሄዳ ትጠይቃለች፣ የምትበላውንም ትገዛላታለች። አያቴ ያመሰገነቻት በዚህ ነው፦ «ባዶ እጇን አልቀረበችም።»

የምዕራፉ ማብቂያ ከበድ ይላል። ልጆቹ ካሊፎርኒያ ደርሰው ባሕር ውስጥ ይገባሉ፤ ዳንኤልም አብሯቸው ይታያል። ከወሎ ስንት ልጅ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ለመድረስ ባሕር እንደተሻገረ የማያውቅ የለም። ከመካከላችን ልጃቸው በዚያው መንገድ ሄዶ ድምፁ የጠፋባቸው እናት ነበሩ። ከመክፈቴ በፊት ለብቻቸው ጠርቼ የሚመጣውን ነገርኳቸው። «ልየው» አሉ፤ እስከ መጨረሻው አዩ፤ ስለ ልጃቸውም ብዙ አወሩልን። ሐዘን ያለበት ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ያለውን ክፍል በድንገት መክፈት አይገባም ባይ ነኝ።

በቃና የቱርክ ድራማ የለመደና በየማብቂያው «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብሎ ማደር የሚወድ ሰው ይሰለቸዋል። ድራማው አራቱን ልጆች ትቶ አንድ ሙሉ ክፍል ለአንድ አጎት ወይም ለአንዲት አክስት ይሰጣል። ሐዘንና ሳቅ አብረው ሲቀመጡ የሚከፋውም አይወደውም። ሰው የቀበረ፣ ጓደኛው የተሰደደበት፣ አያቱ ተረት እየነገረችው ያደገ ግን ይወደዋል። የሦስተኛው ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ከቤተሰብ ተነጥቀው አዳሪ ትምህርት ቤት ስለገቡ ልጆች ነው። የትምህርት ቤቱ መነኮሳት እንግሊዝኛ ሲናገሩ ድምፁ ለተመልካቹም እንዳይገባው ተደርጎ ተበላሽቷል፤ ቋንቋውን ለማያውቁት ልጆች የሚሰማቸው እንዲያ ነበርና። እዚያ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ የማያውቁት ጎረቤቶቼና እኔ እኩል ነበርን።