ታማሚ ይዞ ዴልሂ ለሚሄድ የወሎ ሰው፦ ምሽጎቹን በትርፍ ቀን እንዴት ማየት ይቻላል?

ከደሴም ከኮምቦልቻም ለሕክምና ዴልሂ የሚወርድ አስታማሚ፣ ውጤት እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ባዶ ይሆንበታል። ለዴልሂ፣ ለአግራና ለጃይፑር ያ ይበቃል፤ ቀኑን ካወቁበት።

ዴልሂ ያለው ቀይ ምሽግ ሰኞ ዝግ ነው። አግራ ያለው ታጅ ማሃል ደግሞ ዓርብ ለጎብኚ አይከፈትም፤ ወደዚያ የሚሄደው ጋቲማን የሚባለው ፈጣን ባቡርም ዓርብ አይሠራም። ባቡሩ ከኒዛሙዲን ጣቢያ 8፡10 ይነሳል። ይህ በእኛ ከጠዋቱ 2፡10 ነውና ከምሳ በኋላ መስሎት የተዘናጋ ሰው ይቀራል። መንገዱ 100 ደቂቃ ነው።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ጭጋጉ ባቡር ያዘገያል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል፤ የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው አይመከርም።

ጊዜ ካጠረ የሚተወው ቀይ ምሽግ ነው። የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን ያሠራውን ቤተ መንግሥት አብዛኛውን እንግሊዞች ከ1857ቱ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሕንዶች አመጽ በኋላ አፍርሰው የጦር ሰፈር ሠርተውበታል። በ11ኛው ዓመት መቅደላን ያቃጠሉትም እነዚሁ ናቸው።

የአግራ ምሽግ ግን አይታለፍም። ሰው ሁሉ ለፎቶ ወደ ውስጥ ይሮጣል፤ እናንተ አማር ሲንግ በር ላይ ቁሙ። መግቢያው ቀጥ ብሎ አይወስድም፤ ከበሩ እንዳለፉ ይታጠፋል፣ ከዚያ በሁለት ግንብ መካከል ሽቅብ ይወጣል። የጠላት ዝሆን ተንደርድሮ በሩን በግንባሩ እንዳይመታ ነው። ጠላትም ሲታጠፍ ጎኑን ከላይ ላለው ወታደር ይሰጣል። የናፒየር ጦር መድፍ አሸክሞ ወደ መቅደላ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች የዚሁ አገር ናቸው። ውስጥ ሙሳማን ቡርጅ የሚባለውን ግንብ ፈልጉ፦ ሻህ ጃሃን በልጁ ታስሮ ከ1658 እስከ 1666 ከዚያ ሆኖ ለሚስቱ መቃብር ያሠራውን ታጅ ማሃልን ያይ ነበር።

የታጅ ማሃል ትኬት ለውጭ አገር ሰው 1100 ሩፒ ነው፤ መቃብሩ ውስጥ ለመግባት 200 ይጨመራል። የሚያገለግለው ለ3 ሰዓት ነው። ምግብና ክብሪት ፍተሻው ላይ ይቀራል።

ጃይፑር ላይ ለሁለት ቀን የሚያገለግል የጋራ ትኬት አለ፤ አምበር ምሽግን፣ ሃዋ ማሃል የሚባለውን ቤተ መንግሥት፣ ጃንታር ማንታር የሚባለውን የድሮ የኮከብ መመልከቻ ያስገባል። የከተማው ቤተ መንግሥትና ጃይጋር ምሽግ ግን ለብቻ ይከፈልባቸዋል። አምበር ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሃዋ ማሃል ፊት አውቶቡስ አለ። በጠዋት ግቡ፤ ረፈድ ሲል የመስታወቱ አዳራሽ ፊት መቆሚያ አይገኝም።

ከአምበር በላይ ጃይጋር አለ፤ የወሎ ሰው እሱን ሳያይ ባይመለስ ደስ ይለኛል። እዚያው ምሽጉ ውስጥ በ1720 የተሠራው ጃይቫና መድፍ 50 ቶን ይመዝናል። መቅደላ አናት ላይ የቀረው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ነው፤ እሱም ጋፋት ተሠርቶ ነው እዚያ ድረስ የተጎተተው። ጃይቫና ለሙከራ አንዴ እንደተተኮሰ ይነገራል። አስጎብኚዎቹ 35 ኪሎ ሜትር ይመታል ይሏችኋል፤ ሰምታችሁ እለፉ።

የምትጾሙ ተጠንቀቁ፦ ሥጋ የሌለው ምግባቸው ቅቤና አይብ አያጣም፣ ምስሩም ላይ ቅቤ ያደርጋሉ፤ ስታዙ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ በሉ። ሐላል ሥጋ ለሚፈልግ ከቀይ ምሽግ ትንሽ እልፍ ብሎ በጃማ መስጂድ ዙሪያ ያለው ሠፈር ሞልቷል።